ከሄሬዝ እስከ ሸዋ በር

ብሌን ኪሩቤልን የምታየው በአንድ ውድድር ሁለት ሰከንድ ያህል ነበር። ቢበዛ ሦስት። ካሜራው በተሰለፉት ሞተሮች መሐል ሲያልፍ፣ ተወዳዳሪው ጥላ ተይዞለት ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከኋላ ጎማው ሥር በአንድ ጉልበቱ የተንበረከከ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ብቅ ይላል። ፊቱ አይታይም። ማጅራቱና እጆቹ ብቻ ናቸው። ጎማው ሙቀቱን እንዳይለቅ የተጠቀለለበትን ጥቁር ብርድ ልብስ ይፈታል፣ አጥፎ ብብቱ ሥር ይወሽቃል፣ ጎማውን በመዳፉ አንዴ ነካ ያደርግና ይነሣል። በቃ። ካሜራው ወደ ሌላው ያልፋል፤ ውድድሩ ይጀመራል፤ ለብሌን ግን ውድድሩ አልቋል።

ለዚያች ቅጽበት ብላ ነው ከየካቲት ጀምሮ፣ ከአውስትራሊያ እስከ ፖርቱጋል፣ የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮናን ስትከታተል የከረመችው። ሞተር ብስክሌት ላይ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣ የማታውቅ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ አሁን የትኛው ተወዳዳሪ በዝናብ እንደሚበረታ፣ የትኛው በመጨረሻዎቹ ዙሮች ጎማ እንደሚጨርስ ታውቃለች። ሰው የማይነገር ነገር ሲኖረው በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያጠናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር በስፔን ሄሬዝ በሚጀመርበት ቀን፣ እንደ ልማዷ ሐረር ውስጥ ከሸዋ በር ጀርባ ወደምትገኘው የጋሽ ሀሚድ ጋራዥ ሄደች። ኪሩቤል ሞያውን የተማረው እዚህ ነው። ጋሽ ሀሚድ ስልካቸውን የዘይት ጣሳ ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን በቡትቶ እየጠረጉ ጠበቋት።

«ዛሬም እናቱ ናት የላከችሽ?» አሉ።

«አዎ። ልጄን እይልኝ ብላ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ላከችሽ። ራሷ አንድ ቀን መጥታ አታውቅም። ወላሂ፣ የእናት ዓይን እንዲህ አያይም።»

«ጋሽ ሀሚድ፣ ይተዉኝ እንጂ።»

«አቦ ዝም ብያለሁ። እኔ ምን አገባኝ።»

ባጃጁ እስኪሠራለት የሚጠብቅ አንድ ሹፌር አንገቱን አስግጎ ስልኩን አየ። «ይሄ ሞተር ከየት ነው የሚገኘው? ለውድድር ብቻ የተሠራ ነው?»

«ለውድድር ብቻ የሚሠራማ የሌላኛው ውድድር ነው» አሉ ጋሽ ሀሚድ፣ ይህንን ለማስረዳት የሚያገኙትን ዕድል ፈጽሞ አያሳልፉም። «እዚህ የሚወዳደሩት ፋብሪካው ለሱቅ በሚያወጣው ሞተር ነው። አንተም ብትሆን ሱቅ ገብተህ የምትገዛው። ሞላውን ይቀይራሉ፣ ማርሚታውን፣ ጭስ ማውጫውን ማለት ነው፣ ይቀይራሉ። ሻንሲውን፣ አጥንቱን፣ ግን አይነኩም። ፋብሪካ እንደሰጠ ነው። ውበቱ እሱ ነው።»

«ታዲያ የእኔን ባጃጅ ለምን አያወዳድሯትም?»

«ያንተ ባጃጅ መጀመሪያ ሸዋ በርን ትውጣ።»

ሹፌሩ ሳቀ። ብሌንም ልትስቅ ስትል ሰማያዊው ሸሚዝ ታየ። አንዱ እጅ ብርድ ልብሱን ፈታ። ሌላው እጅ ጎማው ላይ አረፈ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ እጅ። በቀኝ እጁ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በታች፣ ድሮ ያልነበረ ነጭ ጠባሳ አየች። መቼ ተቃጠለ? ማን አሰረለት? ጻፈላት ወይ? አልጻፈላትም።

ካሜራው አለፈ። ሃያ ዙር ሲሮጥ ብሌን ያየችው ያንን ጠባሳ ብቻ ነበር። እጇን በእጇ ይዛ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ የማይሰማ ሕመም ስትፈልግ ቆየች።

*

ኪሩቤል የሚጽፍላት በእጁ ነበር። ቡድኑ በየልምምዱ የሚያትመው የሰዓት ወረቀት አለ፤ እያንዳንዱ ዙር በሺህኛ ሰከንድ የተመዘገበበት። የተጣለውን ያነሣና በጀርባው ይጽፋል፤ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል። ጽሑፉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፤ ከኋላው ቁጥሮቹ እንደ ጥላ ይታያሉ።

ደብዳቤዎቹ ሁሉ «እህቴ ብሌን ሆይ» ብለው ይጀምራሉ። እሷም «ወንድሜ ኪሩቤል» ብላ ትመልሳለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ተጻጽፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብሌን እናት ስትሞት ብሌን ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሻምበል ወርቁ ወታደር ነበሩና ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይዛወራሉ፤ ልጅቷን ያሳደገቻት የእናቷ ጓደኛ፣ የክርስትና እናቷ፣ ብዙነሽ ናት። እማ ብዙ ትላታለች። ፀጉሯን የሠራችላት፣ ፈተና ስትወድቅ አብራት ያለቀሰች፣ ፍልሰታን መጾም ያስተማረቻት እሷ ናት። ኪሩቤል ደግሞ የእማ ብዙ አንድ ልጅ ነው። በሁለት ዓመት ይበልጣታል።

በአንድ ግቢ አደጉ፤ ያም ሆኖ ወንድምና እህት ሆነው አላደጉም። እሱ ጋራዥ ሲገባ፣ እሷ ኮሌጅ ስትገባ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው። ከዚያ በኋላማ መተያየት ብቻ ሆነ ሥራቸው። እሱ አንድ ቀን ቆርጦ ለእናቱ ተናገረ። ከጣልያን አገር ለአጭር ጊዜ የሞተር ትምህርት የተጠራበት ሰሞን ነበር፤ ተምሮ ሊመለስና ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። እማ ብዙ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ብሌን እህትህ ናት» አለችው። «እኔ ከጥምቀት ውኃ የተቀበልኳትን ልጅ፣ የወለድኩት ልጅ አያገባትም። ነውር ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። አባ ሄደህ ጠይቅ።»

ጠየቀ። የንስሐ አባቱም ያንኑ ነገሩት። የክርስትና ልጅነት እንደ ሥጋ ልጅነት ነው። ሁለቱም የእማ ብዙን ክርስትና እናትነት ሲያውቁ ኖረዋል፤ ሕጉ እስከ ልጅዋ ድረስ እንደሚሄድ ግን የነገራቸው አልነበረም።

ኪሩቤል ሄደና አልተመለሰም። ትምህርቱን ሲጨርስ አንድ የውድድር ቡድን ጎማ አጣቢ አድርጎ ወሰደው። «ካንዴላ ስል፣ ማርሚታ ስል ጣልያኖቹ ሳቁ፤ ቃሉ የራሳቸው ነው ለካ» ብሎ ጽፎላት ነበር በመጀመሪያው ሰሞን። «ከየት ተማርከው አሉኝ። ከጋሽ ሀሚድ አልኳቸው።» ያን ደብዳቤ ስታነብ ስቃ፣ ከሳቋ ሳትወጣ አልቅሳለች።

የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

«እህቴ ብሌን ሆይ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጎማ ከብርድ ልብሱ ሲወጣ ሰማንያ ዲግሪ ነው። ከዚያ በኋላ ቶሎ ካልተነዳ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ጎማ ደግሞ ሰው ይጥላል። እዚህ ሦስት ዓመት ሠርቼ የተማርኩት ሙቀት መጠበቅን ነው። ሌላ ሞያ የለኝም።

ቡድኑ ለሁለት ዓመት እንድፈርም ጠይቆኛል። ከጎማ ወደ ኢንጂን ክፍል እገባለሁ። የምንፈራረመው ከሄሬዝ በኋላ፣ እሑድ ማታ ዕቃ ተጭኖ ሲያልቅ ነው። ከፈረምኩ ውድድር በሌለበት ወቅትም ፋብሪካው ውስጥ ነኝ። ሐረርን በቅርቡ አላይም።

እናቴ ስለ ሚኪያስ ነግራኛለች። ደግ ልጅ ነው አለችኝ። መልካም ነው። ወንድምሽ ነኝና እመርቃለሁ።»

ብሌን «መልካም ነው» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነበበችው አታውቀውም። ሌላ ቃል ፈልጋበት ነበር። ከቁጥሮቹ መሐል እንኳ ፈለገች። ሰውየው ተሻግሯል ማለት ነው፤ ወንድምነቱን ተቀብሎ፣ ሰላሙን አግኝቷል። እኔ ነኝ እዚህ ማዶ የቀረሁት አለች። በዚያው ምሽት አባቷ ስለ ሚኪያስ ሲጠይቋት፣ «እንዳሉ አባባ» አለች። ሚኪያስ ባንክ የሚሠራ፣ ትሑት፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። የሚወቀስበት ነገር የለውም። መከራዋም ይኸው ነበር።

*

እሑድ የሚኪያስ ሽማግሌዎች የሚመጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መጥተው፣ እንደ ወጉ፣ «ዘመድ እናማክር» ተብለው ተመልሰዋል፤ ዛሬ ቁርጡን ሊሰሙ ነው። ሻምበል ወርቁ ከጡረታ በኋላ ያልለበሱትን ሙሉ ልብስ አውጥተው፣ ወንበሮቹን በመስመር አሰልፈዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ወንበር የእማ ብዙ ነው። የልጅቷ እናት በሌለችበት የክርስትና እናቷ ቃል ሳይሰማ ልጅ አትሰጥም።

ብሌን ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሊሆን ነው። አሁን ብርድ ልብሶቹ ሊፈቱ ነው።

እማ ብዙ በጓሮ በር ገባች። ነጠላዋን ለሐዘን እንደሚለበስ አዘቅዝቃዋለች።

«ዛሬ ቅዳሴ ላይ አጣሁሽ» አለች ብሌን። «አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ።»

«ምነው?»

እማ ብዙ መልስ ሳትሰጥ ከበርጩማው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው። ሥራ የሌላቸው እጆቿን ብሌን አይታቸው አታውቅም ነበር።

«አባትሽ አጠገቡ ያስቀምጠኛል» አለች። «ከዚያ ‹የክርስትና እናቷ ምን ትላለች?› ይለኛል።»

«እሺ ትያለሻ። ሌላ ምን ትያለሽ።»

«አይደለሁማ።»

«ምኑን?»

«ክርስትና እናትሽ አይደለሁም።»

ብሌን ቀልድ መስሏት ዞረች። የእማ ብዙ ፊት ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ሰማንያ ቀንሽ የሞላ ዕለት» አለች እማ ብዙ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል፣ «ነጭ አልብሼ ታቅፌሽ ወጣሁ። እናትሽ አጠገቤ ናት። አባትሽ ግንባር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ስንደርስ የወር አበባዬ መጣ። ቀኑ አልነበረም። ከድካሙም ይሆናል፣ ሦስት ቀን ለድግሱ ሳልተኛ። ሴት ልጅ በዚያ ሁኔታዋ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ቀኑን እናሳልፍ እንዳንል፣ ቄሱ እንግዳ ናቸው፣ በማግስቱ ወደ አገራቸው ሂያጅ። እናትሽ ደግሞ ፈራች። ከጦርነቱ ክፉ ወሬ ከመምጣቱ በፊት ልጄ ትጠመቅ አለች።»

«እና?»

«እማሆይ ወለተሥላሴ ደጁ ላይ ነበሩ። ያኔ ዓይናቸው ገና ያያል። እናትሽ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ከውኃው የተቀበሉሽ እሳቸው ናቸው። እስክትቆርቢ የያዙሽም እሳቸው። እኔ ከቅጥሩ ውጪ ቆሜ ስታለቅሺ ሰማሁሽ። ሰምቼ እኔም አለቀስኩ።»

ብሌን የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ስትወጡ እናትሽ ከእማሆይ ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ‹ያንቺ ናት። የሆነውን ማንም አይጠይቅሽም› አለችኝ። ታቅፌሽ በሸዋ በር አድርጌ፣ ሰው እልል እያለ፣ ቤት ገባሁ። ሰው ያየው እሱን ነው። ምን ብዬ ልናገር? ‹አልገባሁም› ብል ‹ለምን?› ሊሉኝ ነው። በሴትነቴ አፈርኩ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል እናትሽ ሞተች። ከዚያ በኋላማ ሴት ልጅ ያልነበረኝ ሰው፣ ‹እማ ብዙ› የምትለኝ ልጅ አገኘሁ። ማን ከእጁ ይሰጣል?»

«ኪሩቤል ሲጠይቅሽስ?»

ጥያቄው ከብሌን አፍ የወጣው በሹክሹክታ ነበር።

«አፌ ቀደመኝ» አለች እማ ብዙ። «ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ክርስትና እናቷ አይደለሁም ብል፣ ለንስሐ አባቴ የደበቅኩት፣ በዚያ ላይ የቆረብኩት ሁሉ ሊወጣ ነው። ‹እህትህ ናት› አልኩት። ከተናገርኩት በኋላ ደግሞ መመለስ አቃተኝ። ልጄ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። የዚያን ጊዜ እንኳ መጥራት አቃተኝ።»

ብሌን ከሁሉ በፊት የተሰማት ደስታ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቃል ብትሰማ ደስ የሚላት ይመስላት ነበር። የተሰማት ቁጣ ነው፤ ደረቷን የሞላ፣ የሚያቃጥል። ሦስት ዓመት። «ወንድሜ» ብላ የጻፈችበት እያንዳንዱ ቀን። ጋራዥ ውስጥ፣ በዘይት ጣሳ ላይ በተደገፈ ስልክ፣ የሰው ማጅራት ስትለምን የከረመችበት። ኪሩቤል የንስሐ አባቱ ፊት ቆሞ «እሺ አባ» ያለበት።

«ታዪኝ ነበር» አለች። «ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ፊቴን ታዪው ነበር። ‹ምን አለ?› ትይኝ ነበር። እኔ ሳነብልሽ ትሰሚ ነበር።»

«አይሽ ነበር።»

«አየሽና ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ። አልክድሽም።»

ከዚያ ግን ከቁጣው ሥር ሌላ ነገር ወጣ፤ ብሌንም ያላሰበችው።

«እና» አለች፣ ድምጿ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ቀጥኖ፣ «አሁን እናት የለኝም ማለት ነው?»

እማ ብዙ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከነጠላው ሥር፣ «እኔ የፈራሁት ይህችን ጥያቄ ነበር» አለች።

በዚህ መሐል ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሄሬዝ ላይ ሞተሮቹ ተነሥተዋል። ብሌን በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማያዊውን ሸሚዝ ሳታይ ቀረች፤ መቅረቷንም አላወቀችም።

*

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። እንደ ወጉ ቆመዋል። መሪያቸው አቶ ሳህሉ፣ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ «የመጣንበት ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» አሉ።

ብሌን ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ወጉ እንዲያ ነው፤ ሴት ልጅ ስለ ራሷ የሚባለውን ከመጋረጃ ጀርባ ትሰማለች። አባቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች።

«የእኔን ቃል ሰምታችኋል። እናቷ በሕይወት ብትኖር እሷን በጠየቅን። እትዬ ብዙነሽ፣ ይቀመጡና አንቺ ደግሞ የእናትነትሽን ቃል ስጪ።» ሻምበል ወርቁ ሲጨነቁ አንቱታና አንቺታ ይደባለቅባቸዋል።

«አልቀመጥም» አለች እማ ብዙ። «እኔም ከነሱ ጋር ቆሜ ነው የምናገረው።»

ተናገረችው። ለብሌን የነገረቻትን አንድም ሳታስቀር፤ የቅጥሩን በር፣ የመጣባትን፣ እማሆይን፣ የእናቷን ቃል፣ ለልጇ የመለሰችውን። በአራት ወንዶች ፊት ሃያ ስምንት ዓመት ያፈረችበትን ነገር ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ብሌን የመጋረጃውን ጫፍ ያዘች። ያ ሁሉ ቁጣ ደረቷ ላይ እንዳለ፣ ሄዳ ከሴትየዋ ጎን መቆም ፈለገች።

ከውጪ ሚኒባስ ረዳት «ሸዋ በር፣ ሸዋ በር» ሲል ይሰማል።

«ባለቤቴ ታውቅ ነበር?» አሉ ሻምበል ወርቁ።

«እሷ ናት የሰጠችኝ።»

«እማሆይ በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል እንጂ ልባቸው አልጠፋም። ጠይቋቸው።»

ሻምበል ወርቁ ተቀመጡ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። «ብሌን» ብለው ተጣሩ። «ውጪ። ራስሽ ተናገሪ።»

ወጣች። እጇ ገና የሳሙና ውኃ ነበረበት። አቶ ሳህሉን ማየት አልቻለችም፤ የጋቢያቸውን ጥለት እያየች ተናገረች።

«ሚኪያስ ክፉ ነገር የለውም። እሺ ያልኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ልቤ ሌላ ቦታ እያለ እሱ ቤት ብገባ በደል ነው። ይህንን ንገሩልኝ። ይቅርታ ማለቴንም ንገሩልኝ።»

አቶ ሳህሉ ጥቂት አሰቡ። «ልጄ» አሉ፣ «ይህንን ከሠርጉ በኋላ ብንሰማው ነበር ጉዱ። እሱም ያዝናል፤ ይድናልም። ነገሩን ወደ ካህናቱ አድርሱት፤ እነሱ እማሆይን ይጠይቁ።» ወደ እማ ብዙም ዞር ብለው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ፤ ለመነኩሴ እንደሚሰጥ ዓይነት ሰላምታ።

ሲወጡ ቤቱ ባዶ ሆነ። ለእንግዶቹ የተሰለፉት ወንበሮች ማንም ሳይቀመጥባቸው ቀሩ። ሻምበል ወርቁ የሟች ባለቤታቸውን ፎቶ ትኩር ብለው ሲያዩ ብሌን አየቻቸው። በፊታቸው ላይ ንዴት ፈለገች፤ ያገኘችው ግን ሚስቱ ለብቻዋ የተሸከመችው ነገር እንደነበር ዘግይቶ የሰማ ባል ናፍቆት ነበር።

*

ኪሩቤል ስልኩን ያነሣው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ደውለው ነበር። እማ ብዙ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች። ብሌን እታችኛው ደረጃ ላይ ነበረች። በመካከሉ፣ ሳታስበው፣ ጀርባዋን የእማ ብዙ ጉልበት ላይ አስደገፈች። እማ ብዙ ጉልበቷን አላሸሸችም፤ ንግግሯን ቀጠለች።

«…ነገ ማለዳ የንስሐ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። የሚሰጡኝን ቀኖና እቀበላለሁ። አንተ ግን እስክትሰማው ድረስ ማደር አልቻልኩም። ልጄ፣ እህትህ አይደለችም። ሆናም አታውቅም።»

ከወዲያ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ የጭነት መኪና ኢንጂን ሲንተከተክ ይሰማል።

«እማዬ» አለ። «ስልኩን ለብሌን ስጪያት።»

ብሌን ተቀበለች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ድምፅ ጆሮዋ ላይ አረፈ።

«ብሌን።»

«አቤት።»

«ሰምተሻል?»

«ካንተ በሦስት ሰዓት ቀድሜ።»

እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየችም። «‹መልካም ነው› ብዬ ስጽፍልሽ» አለ፣ «ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው። እመርቃለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እንዲህ ያለ ውሸት የጻፍኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።»

«እኔ አምኜህ እሺ ብዬ ነበር።»

«አልፈርምም» አለ ቶሎ ብሎ። «ወረቀቱ እዚህ አጠገቤ ነው፣ ገና አልፈረምኩም። ነገ ትኬት እቆርጣለሁ። ጋሽ ሀሚድ ጋራዥ እመለሳለሁ።»

ይህንን ቃል ስንት ሌሊት ለምናለች። አሁን ተሰጣት። «ና» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከወዲያ አንድ ሰው በጣልያንኛ ሲጠራው ሰማች። ኪሩቤል ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ መለሰለት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ እርግጠኛ። ሰውየው የሆነ ነገር ጠየቀ፤ እሱም መለሰ፤ ሁለቱም ሳቁ። ይህን ድምፁን ብሌን አታውቀውም ነበር። ሐረር ሳለ ሲናገር ሁልጊዜ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር። ይኸኛው ቦታውን ያገኘ ሰው ድምፅ ነው።

«ምን አሉህ?»

«ምንም። አንዱ ሞተር ላይ እንግዳ ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ ልክ ነህ፣ አግኝተነዋል ነው የሚሉኝ። ይጠብቁ።»

ብሌን ዓይኖቿን ጨፈነች። ሰው የሚወደውን ለራሱ ሲያስቀር ምን እንደሚመስል ዛሬ አይታለች። ከጀርባዋ የእማ ብዙ ጉልበት አለ።

«ፈርም» አለች።

«ምን?»

«ፈርም ኪሩቤል።»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ ብሌን።»

«ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የምቆጥረው።» ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። «ከመፈረምህ በፊት ግን አንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቅ። መጥተህ ሽማግሌ ላክ። ቆመው ይጠይቁ። አባባ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይሉም፤ እንዳትደነግጥ።»

«ማንን ልላክ? አባት የለኝም።»

«ጋሽ ሀሚድን።»

«መቆም አይችሉም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

«እንግዲያው አባባ ቶሎ ያስቀምጧቸዋል።»

አሁን በእርግጥ ሳቀ። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ፀሐይዋ ከከተማው ግንብ ወዲያ እየገባች ነው፤ የመግሪብ አዛን ከአንዱ መስጊድ ተነሥቶ ሌላው ተቀበለው።

«ልሄድ ነው» አለ። «ጭነቱ አላለቀም። ልዝጋው?»

«ዝጋው።»

አልዘጋውም። የሸሚዙ ጨርቅ ስልኩን ሲፍቀው ሰማች፤ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገብቶታል። ከዚያ እግሩ ሲረግጥ ሰማች፤ ሣጥን ሲያነሣ ትንፋሹን ሲይዝ፣ ሲያስቀምጥ ሲለቀው፤ ለአንዱ «ቀስ» ሲል፣ ለሌላው ሲስቅ። በዚህ ሁሉ መሐል፣ ከጨርቁ ሥር፣ ያለማቋረጥ የሚመታ አንድ ነገር ነበር።

እማ ብዙ በዝግታ ተነሥታ ገባች፤ ጋቢ ይዛ ወጥታ የብሌን ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ብሌን ቀና ብላ አላየቻትም፤ እጇን ብቻ ወደ ላይ ሰድዳ የጋቢውን ጫፍ የያዘውን እጅ ያዘች። ባትሪው አልቆ ስልኩ እስኪጠፋ ድረስ፣ ከጠፋም በኋላ፣ ጆሮዋን ከስልኩ ሳታነሣ እዚያው ተቀምጣ ቆየች።